ገደቡ ያለቀበት አርብ

ሐሙስ ጠዋት ዴልመስ ቫርናዶ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የሃርግሮቭ ካውንቲ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲደርስ በሩ ተቆልፎ ጠበቀው። መስታወቱ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። «ችሎቱ ወደ ሰኞ ተዛውሯል። ወደፊት በቅሎዎቹ!» ይላል፤ ከሥሩ ጥርሱን ያገጠጠ በቅሎ ተሥሎበታል።

በቅሎዎቹ የካውንቲው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኳስ ቡድን ናቸው፤ ራስ ቁር አጥልቀው እንደ ወጠጤ የሚላተሙበትን ኳስ ማለቴ ነው። ለዋንጫ ፍጻሜ ከደረሱ አርባ ዓመት ስላለፋቸው ዘንድሮ ሲደርሱ ካውንቲው ጤና አጣ። ባንኩ ተዘጋ። ጥርስ ሐኪሙ ተዘጋ። ቀብር አስፈጻሚው እንኳ በሬዲዮ ቀርቦ፣ ቀልድ ይሁን ምር ባልለየለት ድምፅ፣ «መሞት ያሰበ ሰው ካለ እስከ ቅዳሜ ቢታገሰን» ሲል ለመነ። ዳኛ ኦግልትሪም በወጣትነታቸው ለዚሁ ቡድን ተሰልፈው ጉልበታቸውን የሰበሩ ሰው ናቸውና፣ ጥቁር ካባቸውን መስቀያው ላይ ትተው፣ ቢጫ ሹራብ ለብሰው፣ ከተጫዋቾቹ ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ዴልመስ በሩን ነቀነቀው። ደግሞ ነቀነቀው።

«ኧረ አታፍርም!» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ። «እሰሩኝ ብሎ የፍርድ ቤት በር የሚደበድብ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

ሆይት ነው፤ ጎረቤቱ። ፒካፑን ከጣሪያው እስከ ጎማው ቢጫ ቀብቶታል፤ ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ክንዱም አብሮ ተቀብቷል።

«ዛሬ እኮ ችሎት አለብን» አለ ዴልመስ።

«ነበረብን። ሰኞ ሆኗል። ና ዝለል፣ ከኋላቸው እንድረስ።»

«ሰኞ ለኔ ምን ያደርግልኛል ሆይት? ሰርጉ ቅዳሜ ነው።»

የሆይት ፈገግታ ከፊቱ ላይ ረገፈ። ሞተሩን አጠፋና፣ «ውይ! ረስቼው» አለ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ጨርሶ ረስቼው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የዴልመስ መኪና የኋላ መብራት ተሰብሮ ፖሊስ አስቆመው፤ ሲታይ መንጃ ፈቃዱም ጊዜው አልፏል። ሦስት መቶ ዶላር ተቀጣ። በመቀጮው ላይ የዳኝነት ወጪ ተጨመረ፤ በወጪው ላይ ደግሞ የመዝገብ ቤት፣ የሸሪፉ ጡረታ፣ እንዲሁም እሱ እስከ ዛሬ ባልገባው ምክንያት የፍርድ ቤቱ ጣሪያ ማደሻ። ባንዴ መክፈል ስላቃተው ለአንድ ዓመት በገደብ ለቀቁት፤ በየወሩ ይከፍላል፣ ከጆርጂያ ግዛት እግሩን አያወጣም፣ ከወጣ ይታሰራል። ችግሩ፣ ገደብ ያለበት ሰው የሚቆጣጠረው ይሻል፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ በነጻ አይቆጣጠርም። ዴልመስ የሣር ማጨጃ ሞተር እየጠገነ ለዕዳው በወር ከሚከፍለው አርባ አምስት ዶላር አርባው «ዕዳህን እንዳትረሳ ስለተከታተልንህ» ተብሎ ይቀነሳል። አምስቷ ለዕዳው ትተርፋለች። እሷም ብትሆን አንዳንዴ ወለድ መንገድ ላይ አግኝቷት አትደርስም።

ስለዚህ ዓመቱ ያልቃል፣ ዕዳው አያልቅም። ያኔ ረድፉ ይመጣል። በየዓመቱ በታኅሣሥ አንድ ሐሙስ፣ ዳኛ ኦግልትሪ ያልከፈሉትን ሁሉ በግራው ግድግዳ ያሰልፏቸዋል። ስም አይጠሩም፣ ጊዜ ይፈጃል። «ከናንተ መሃል አጠናቅቆ የከፈለ አለ?» ይላሉ። ግድግዳው ዝም። «እንግዲያው እንደ አምናው» ብለው መዶሻቸውን አንዴ ያሳርፋሉ። በዚያች ምት የሠላሳ ሰው አንድ ዓመት ይነጠቃል። ጥፋታቸውም የተቀጡበትም ጊዜ ለየብቻ የነበረ ሰዎች፣ በዚህ አሠራር የሁሉም ገደብ ባንድ ቀን የሚጀምርና ባንድ ቀን የሚያልቅ ሆኖ ቀረ፤ ከችሎቱ ማግስት፣ አርብ። ዳኛው በዚህ ቅልጥፍናቸው ይኮራሉ። በአጎራባች ካውንቲ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ንግግር እንዲያደርጉ እስከ መጋበዝ ደርሰዋል።

የዴልመስ ልጅ ማርዴል የምታገባው ከወንዙ ማዶ፣ አላባማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከዴልመስ ጋራዥ በር ላይ ሆነው ሲያዩት ነጭ ጣሪያው ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል፤ ነፋሱ ከቀና ደወሉም ይሰማል። የሙሽራው አያት የአልጋ ቁራኛ ናቸው፣ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰርጉ እዚያ የሆነው ቢያንስ በመስኮት እንዲያዩት ነው። ማርዴል «ላንተ ስል ወደዚህ ላምጣው አባዬ?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ለኔ ብለሽ አሮጊት ታስቀይሚያለሽ? ዳኛው ይፈቅዱልኛል» አላት። ተቆጣጣሪዋ ሚስ ካርሊንም፣ «ማዶ ሌላ ግዛት ነው፣ የዳኛ ፊርማ ይፈልጋል፤ ችሎት ቀን አፍ አውጥተህ ጠይቅ» ብላዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ከረመ። ክቡር ዳኛ፣ አንዲት ልጅ አለችኝ። ክቡር ዳኛ፣ ለአንድ ቀን ብቻ።

አሁን ክቡር ዳኛው አውቶቡስ ውስጥ ከበሮ ይመታሉ።

ማታ ማርዴል ደወለች።

«ድልድዩ መሃል ላይ እንጋባ እንዴ?» አለችው፤ ልትስቅ እየሞከረች። «አንተ እዚያ ጫፍ ላይ ቆመህ ትገፋኛለህ፣ እሱ እዚህ ይቀበለኛል።»

«እሻገራለሁ ማርዴል። የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

«አታደርገውም አባዬ! ለሰርጌ ፎቶ እስር ቤት ድረስ ፎቶ አንሺ ልላክ? ተው። ፎቶህን ወንበሩ ላይ አስቀምጣለሁ።»

«የሞትኩ አስመሰልሽው እኮ።»

«እሺ ባርኔጣህን አስቀምጣለሁ።»

«እሱማ ባሰ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ ሁለቱም ስልኩን መዝጋት አቃታቸው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከተማው ወና ሆኖ፣ ዴልመስ ጋራዡ ውስጥ የአንዱን ማጨጃ ካርቡሬተር ፈትቶ ተቀምጧል። ነገ የሚለብሰው ሱፍ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ይልበሰው አይልበሰው ሳይወስን ሁለቴ ቦርሾታል። መኪና ቆመ። ብቅ ያለችው ሚስ ካርሊን ናት። ግማሽ ፊቷን ቢጫ ተቀብታለች፣ ሌላው ግማሽ ብቻውን ቀርቷል፤ መንገድ ላይ ሳለች ተጠርታ የተመለሰች ሰው መሆኗ ያስታውቃል። በእጇ ትኩስ የፒካን ፓይ፣ ለውዝ የተሞላ ጣፋጭ ቂጣ፣ ይዛለች።

«አቶ ቫርናዶ፣ እንደምን ዋሉ?»

ዴልመስ ዞር ብሎ ከኋላው አባቱን ሊፈልግ ምንም አልቀረው። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል እንጂ በዚህ ሰፈር አቶ ቫርናዶ የሚባል እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሚስ ካርሊን እሱን አራት ዓመት ሙሉ «ዴልመስ፣ ዘገየህ» እና «ዴልመስ፣ ጎደለ» ከማለት ያለፈ ስም አልጠራችውም። ቢሮዋ በር ላይ ያለችዋን የፕላስቲክ ወንበር የሱ መቀመጫ አጉብጧታል። እሷ ቤቱ ስትመጣ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ደህና ነኝ። ፓዩ ምንድነው?»

«ለሰርጉ ነዋ! ልጅ መዳር ቀላል ነገር ነው?» ከብብቷ አንድ ወረቀት አወጣች። «ደስ የሚል ዜና ይዤልዎ መጣሁ። ዳኛውን በስልክ አገኘኋቸው። ነገ እንዲሻገሩ ፈቅደዋል።»

ዴልመስ የያዘውን ብሎን አስቀመጠ። «እውነትሽን ነው ሚስ ካርሊን?»

«እውነቴን ነው። እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኛል። ያው የተለመደችው ናት፣ የአንድ ዓመቷ። ሰኞ መምጣት ሳያስፈልግዎት በፈቃድዎ አራዘምኩ ብለው ይፈርማሉ፣ እኔ የማለፊያ ወረቀትዎን እሰጥዎታለሁ፣ አለቀ።»

እስክሪብቶውን አስጨበጠችው። ክዳኑን ሳይቀር ነቅላለታለች።

የዴልመስ እጅ ወደ ወረቀቱ ሄደ። ምን ያስገርማል? ሦስት ጊዜ በግድግዳው ሥር ቆሞ ያለምንም ውለታ ዓመት ተቀምቷል፤ ዛሬ ቢያንስ ሰርግ ሊመረቅለት ነው። የማርዴልን ክንድ ይዞ ሲገባ ታየው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ፣ ነጥብ አኖረ።

እዚያው ላይ ቀረ።

ዴልመስ ሕግ አያውቅም። ደንበኛ ግን ያውቃል። ሰው ማጨጃ ይዞ መጥቶ «ቀስ ብለህ ሥራው፣ ስንት ትላለህ?» ካለ፣ ማጨጃው የራሱ ነው። «ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ፣ ስለ ዋጋው ግድ የለም» ካለ ግን ማጨጃው የሌላ ሰው ነው። ይህን በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድ ጊዜም ተሳስቶበት አያውቅም።

«ሚስ ካርሊን» አለ፣ እስክሪብቶውን ሳያነሳ። «ሰኞ ባልነው ምን ይለዋል?»

«ሰኞ... ሰኞ ሰው ይበዛል።»

«ሁሌም እኮ ይበዛል። ግድግዳው ይችለናል።»

«ለእርስዎ ምቾት ብዬ ነው።»

«አራት ዓመት ሙሉ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠሽኝ ዛሬ ምቾቴ ትዝ አለሽ?»

ሚስ ካርሊን ፓዩን ካንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። ቢጫ ያልተቀባው ግማሽ ፊቷ ቀላ።

«ባልፈርምስ?» አለ ዴልመስ። «ዛሬ ባልፈርም ነገ ምን እሆናለሁ?»

እዚህ ላይ ስለ ሚስ ካርሊን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እሑድ እሑድ መዘምራን ውስጥ ከፊት የምትቆም ሴት ናት። ሰው ታስጨንቃለች፣ ታስጠብቃለች፣ አርባ ዶላር ትቆርጣለች፤ መዋሸት ግን አትችልበትም። ጣሪያውን አየች። የተፈታውን ካርቡሬተር አየች። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ሱፍ አይታ ትንሽ ቆየች። መጨረሻ ላይ ፓዩን ከቁልፎቹና ከብሎኖቹ መሃል ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣

«ፓዩን ብላ ዴልመስ» አለች።

አቶነቱም እርስዎነቱም ባንዴ ወረደ፤ ዴልመስ ግን እንደዚያን ቀን ተከብሮ አያውቅም። እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ መለሰላት።

«እኔ ምንም አልነገርኩህም» አለች ወረቀቷን እያጠፈች።

«ምንም አልነገርሽኝም።»

«ፈርም ብዬሃለሁ። እምቢ ብለሃል።»

«ድርቅ ብዬ ነዋ እምቢ ያልኩት። አውቃለሁ እኔ ክፉ ነኝ።»

«ክፉስ አይደለህም» አለች ሚስ ካርሊን ወደ መኪናዋ እየሄደች። በሩን ከፍታ ቆመች። «ሌሎቹ ባለገደቦችስ የት ናቸው? አንድም ሰው ቤቱ አጣሁ እኮ።»

«ኳስ ሊያዩ ሄደዋል። ሆይት ከዳኛው ሁለት ረድፍ ከኋላ ነው የተቀመጥኩት ብሎ ደውሎልኛል።»

ሚስ ካርሊን ያላሰበችው ሳቅ አመለጣት። በእጇ አፏን ያዘች፤ እጇ ሲነሳ ቢጫው ወደ ሌላኛው ጉንጯም ተላልፎ ነበር።

ሌሊቱን ዴልመስ ቢተኛም እንቅልፍ አልወሰደውም። አንዲት ሴት ፓይ ብላ ስላለችው ድልድይ መሻገር! ሲነጋ ግን ሱፉን ለበሰ። መንጃ ፈቃዱ ዕዳው እስኪያልቅ አልታደሰለትምና በእግሩ ወጣ። ድልድዩ አፍ ላይ የሸሪፉ መኪና ቆሟል።

ሊመለስ አሰበ። ሆኖም ሱፍ የለበሰ ሰው ወደ ኋላ ሲዞር ይበልጥ ያስታውቃል።

«ዴልመስ!» አለ ምክትል ሸሪፉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ። ድምፁ ጎርንኗል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ መመለሱ ነው። «ወዴት ነው?»

ዋሽ፣ አለው አንድ ልቡ። ግን ምን ይበል? በሱፍ ዓሣ ላጠምድ?

«ልጄን ልድር።»

«ማዶ?»

«ማዶ።»

«አንተ ገደብ አለብህ አይደል እንዴ?» ብሎ ወደ ሬዲዮው እጁን ሰደደ። የዴልመስን ስም ተናገረ። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ተንኮሻኮሸ። ዴልመስ ከድልድዩ ሥር የሚሄደውን ውሃ እያየ ባርኔጣውን በጣቶቹ ዙሪያውን ይዳብሳል። ማርዴል ባርኔጣውን ወንበር ላይ ስታስቀምጠው ታየው።

ከዚያ ከሸሪፉ ቢሮ የሴት ድምፅ መጣ። ምክትል ሸሪፉ ሰማ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለ፣ እንደገና ሰማ። ሬዲዮውን ሰቀለና ዴልመስን እንደ አዲስ ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ስምህ ከመዝገቡ ወጥቷል። ሌሊት ነው የወጣው። ገደብህ አልቋል።»

«አልቋል?»

«አልቋል አሉ፣ ትናንት አርብ። ሰኞ ሊያራዝሙት ነበር፤ ያለቀ ነገር ደግሞ አይራዘምም።»

ዴልመስ የድልድዩን ብረት ያዘ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እሱ ግን አልተሰማውም። አራት ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ድንገት ተነስቶ የሄደ ያህል፣ እስከ ጥግ ድረስ ተነፈሰ።

«በቅሎዎቹስ?» አለ፣ ዝም ማለት ነውር መስሎት።

«ተወኝ ባክህ! አርባ አንድ ለሦስት።» ምክትል ሸሪፉ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። «ሂድ በቃ። ከዚህ ካውንቲ ትናንት ያሸነፈ አንተ ብቻ ነህ።»

አንተ ብቻ ማለቱ ልክ አልነበረም። ሰኞ ዳኛ ኦግልትሪ እያነከሱ ችሎት ገብተው ረድፉን ሲያሰልፉ፣ የካውንቲው ጠበቃ ጆሯቸው ጋ ጎንበስ ብሎ ብዙ አንሾካሾከ። ገደብ ሊራዘም የሚችለው ከማለቁ በፊት ሰውየው ፊታቸው ቆሞ ወይም ፈርሞ ነው፤ በዕለቱ ደግሞ የቆሙት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፣ ሜዳ ዳር። «ቀጠሮውን ያዛወረው ማነው?» ብለው ጮኹ። ግድግዳው እንደ ልማዱ ዝም። ሆይት ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ እንባው ይፈሳል፤ በተለይ ዳኛው መዶሻውን አንስተው የሚመቱበት ነገር አጥተው ቀስ ብለው ያስቀመጡበት ላይ ሲደርስ። ዕዳው አልተሰረዘም። ዴልመስም እንደ ጥርስ ሐኪም ዕዳ፣ እንደ ፍሪጅ ዕዳ በወር አሥር ዶላር ይልካል። የሚከታተለው ሰው ስለሌለ ይኸው በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መቀነስ ጀምሯል።

ያን ቅዳሜ ግን ይህን ሁሉ አላወቀም። የሚያውቀው እግሩ አላባማን መርገጡን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ በሩ ተቆልፏል፣ ግቢው ባዶ። ሰርጉ አለቀ? ተሰረዘ?

«ማነህ አንተ?» አለ ከአጥሩ ማዶ ቀጭን የአሮጊት ድምፅ። መስኮት ሥር ከተጠጋ አልጋ ላይ አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ሴት ቀና ብለው ያዩታል።

«የሙሽራዋ አባት ነኝ፣ እማማ። ዘገየሁ መሰለኝ።»

«ምን ዘገየህ ትላለህ! ገና ሃምሳ ደቂቃ ይቀረዋል። እዚህ ማዶ እኮ ሰዓቱ ከናንተ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ረሳኸው?»

ረስቶታል። ከተሻገረ ስንት ዘመኑ! አሮጊቷ ትንሽ አጥንተውት፣ «አባትዬው አይመጣም፣ ዳኛ አስሮታል ብለውኝ ነበር» አሉ።

«ለቀቁኝ እማማ።»

«ፈርተውህ ነው? ይበላቸው። በል ግባ፣ ብርድ ላይ አትቁም። ከረቫትህም ጠሟል፣ ና ላቃናልህ።»

ገባ፣ ጎንበስ አለላቸው፣ በሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸው ከረቫቱን ይበልጥ አጣመሙት፤ እሱም አመስግኖ እንደዚያው ተወው። ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ማርዴል ልጅነት ሲያወራቸው፣ መኪኖቹ አንድ በአንድ ግቢውን ሞሉት። ማርዴል ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ስትወርድ በመስኮቱ አያት። ወጥቶ ደረጃው ሥር ቆመ።

አየችው። ቬሎዋን ለቀቀችው፣ መሬት ለመሬት ተጎተተ።

«አባዬ!» አለች፣ መንገዱን በፍርሃት ወዲያና ወዲህ እያየች። «ጠፍተህ መጣህ?»

«ኧረ የለም» አለ ዴልመስ፣ ክንዱን እየዘረጋላት። «ረስተውኝ መጣሁ።»